ሞክሼዎቹ

ጥፋት የሌለበት ሰው በስሙ ብቻ ተጠርጥሮ ከደጅ ሲመለስ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ኮምፒውተርም ይህንኑ ሲያደርግ አይቻለሁና ላጫውታችሁ።

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ለመመረቂያ ጽሑፏ የሠራችውን ፕሮግራም ይዛ መጣች። ፕሮግራሙ ከትውልድ አገራችን ከደብረ ኤልያስ አካባቢ የተሰበሰበ የዝናብ ልኬት የሚያሰላ ነው። የእኛ አገር ገበሬ ጤፉን የሚዘራው ሰማይ ሰማይ እያየ ነውና ጉዳዩ ቀላል አይደለም። «ጋሼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አላስሄድ አለኝ፤ ስህተቴ የት እንደሆነ ጠፋኝ» አለችኝ።

ፕሮግራሙ የተጻፈው በፎርትራን ነው። ይህ ቋንቋ በአሜሪካው የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ውስጥ በጆን ባከስ የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ሲሆን፣ ዕድሜው ቢገፋም ብዙ የአየር ትንበያ ሞዴሎች ዛሬም የሚጻፉት በእርሱ ነው። ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልሰው ኮምፓይለር ይባላል፤ ከመመለሱ በፊትም ትእዛዙ ደንብ የጠበቀ መሆኑን ይመረምራል።

ቀድሞ በፎርትራን ለመረጃው የሚያስፈልገው ቦታ አስቀድሞ ተቆርጦ መጻፍ ነበረበት፤ ምርቱ ሳይታወቅ ጎተራውን መሥራት ማለት ነው። ፎርትራን 90 ግን «አሎኬት» የሚል ትእዛዝ አመጣ፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የሚበቃውን ያህል ሜሞሪ ይጠይቅበታል። በአንድ ትእዛዝ ለብዙ ነገሮች ቦታ መጠየቅ ይቻላል። ለአንዱ ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ ግን ስህተት ነው።

ልጅቷ በአንድ መስመር ለጣቢያ 1 ዝናብና ለጣቢያ 2 ዝናብ ቦታ ጠየቀች። ኮምፓይለሩ «ይህ ነገር በዚሁ ትእዛዝ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል» ብሎ መለሳት። ደጋግሜ አነበብኩት። መስመሩ እንከን የለበትም። ጥፋቱ የመርማሪው ነበር።

ይኼኔ የአባቴ ሱቅ ትዝ አለኝ። አባቴ በደብረ ኤልያስ ጨው፣ ስኳርና ላምባ ይሸጥ ነበር፤ ዱቤውንም በደብተር ይይዛል (የእጅ ጽሑፉ ነገር ለብቻው ያስወራል)። ስማቸው እስከ አባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ደንበኞች ነበሩት። አንድ የገበያ ቀን አንደኛው ስኳር ሊገዛ ቢመጣ፣ አባቴ ደብተሩን ገልጦ «ያለፈውን ሳትከፍል?» አለው፣ ሰው በተሰበሰበበት። ሰውዬው ዕዳ አልነበረበትም። ቃል ሳይናገር ወጣ። ማታ እናቴ ናት «ባለዕዳው የታች ሰፈሩ ሞክሼው አይደለም እንዴ?» ያለችው። አባቴ ራቱን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከስሙ ጎን ሰፈሩንም ይጽፍ ጀመር። ሰውዬው ይቅር ብሏል፤ ከእኛ ሱቅ ስኳር ግን ዳግመኛ አልገዛም።

የዚያ ኮምፓይለር ጽሑፍ ለማንም ክፍት ስለሆነ ገብቼ አየሁት። መርማሪው የተጠየቁትን ነገሮች ሁለት ሁለት እያደረገ ያነጻጽራል፤ «ጣቢያ»ን ከ«ጣቢያ»፣ «ዝናብ»ን ከ«ዝናብ» አስተያይቶ በመካከል ያለውን ቁጥር ግን ይዘለዋል። ቁጥሩንም እንዲያይ አደረግሁ። 1 እና 2 ከሆኑ ይለፉ፤ 1 እና 1 ከሆኑ ይያዙ። ያስቸገረኝ በቁጥሩ ፋንታ ፊደል ሲገባ ነው። ጣቢያ «ሀ» እና ጣቢያ «ለ» ቢባል፣ ሁለቱ ፊደሎች አንድ ቁጥር መያዝ አለመያዛቸው ፕሮግራሙ እስኪሠራ ላይታወቅ ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ቀን አመነታሁ። ቢያዝ ንጹሑን እንከሳለን፤ ቢለቀቅ ጥፋተኛው ያልፋል። ይለቀቅ አልኩ። በእንዲህ ያለው ዝርዝር ቀድሞ ቦታ የተሰጠው ነገር እንደገና ሲጠይቅ፣ በሥራው ሰዓት መያዙ አይቀርምና።

ማስተካከያውን ለኮምፓይለሩ አዘጋጆች ከመላኬ በፊት ሁለት ትንንሽ መፈተኛ ፕሮግራሞች ጻፍኩ፤ አንዱ ማለፍ ያለበት፣ ሌላው መያዝ ያለበት። ሁለተኛውን ባልጽፍ ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር፤ የመጀመሪያው ማስተካከያዬ እውነተኛውን ጥፋተኛም ያሳልፍ ነበር።

የልጅቷ ፕሮግራም በዚያው ማታ ሠራ። እርሷ ስለ ሐምሌ ዝናብ እየነገረችኝ፣ እኔ የማስበው ስለዚያ ሰውዬ ነበር። እርሱ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ልጆቹ ግን እዚያው ደብረ ኤልያስ ናቸው። መንገዱ ከተመቸ፣ ለዒድ ስኳር ይዤ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ።