ሰሙ ከወጣ በኋላ

«ሰምና ወርቅ» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አለ ለማለት ያስቸግራል። የፖለቲካ ንግግር ሰምቶ «ወርቁ ሌላ ነው» የሚል አለ። የሠርግ ዘፈን ሰምቶ ሰሙን ትቶ ወርቁን የሚያሳድድ አለ። ነገር ግን ቃሉ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው? ሰምና ወርቅ መጀመሪያ የቅኔ ቤት ቃል አልነበረም፤ የአንጥረኛ ቤት ቃል ነው። አንጥረኛው ሊሠራው የፈለገውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ኋላ ጭቃው ሲሰበር የሰሙን መልክ የያዘ ወርቅ ብቅ ይላል። ሊቃውንቱም ከዚህ ተነሥተው የላዩን ትርጉም ሰም፣ የተሰወረውን ወርቅ አሉት።

ይህ ነገር ጎጃም ላይ ሆኖ ሲታሰብ ይከብዳል። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስማቸው የተጠራ ነው። ከብቸና አጠገብ ያለው የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያበረከቱልን ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በዚያው ምድር ቀጥቃጩ ከመንደሩ ዳር ነው የኖረው። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው ከእርሱ ይመጣል፤ እርሱ ግን ቡዳ ይባላል፤ ልጅ አይዳርለትም፤ ሲመጣ ምግብ ይከደናል። ቃሉን ተቀብለን ባለቃሉን ከደጅ አስቀረነው ማለት ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ቅኔ ሳይሆን አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው። ብቸና ውስጥ አንድ ጡረተኛ መምህር አውቃለሁ። በወጣትነታቸው ቅኔ ቆጥረዋል፤ ኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ግቢያቸው ውስጥ በጎኑ ባለ አንድ ጎማ ወንበር የተገጠመለት ሞተር ብስክሌት አለ፤ ሳይድካር የሚሉት ነው። ከተማው በባጃጅ በተሞላበት ጊዜ ይህን ለምን ያቆዩታል የሚል ሰው ባለቤታቸውን አላየም። የወይዘሮዋ ጉልበት መታጠፍ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያንም ሐኪም ቤትም የሚደርሱት በዚያ ወንበር ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ወንበሩን ከሞተሩ ሻሲ ጋር የሚያያይዘው ማቀፊያ ተሰነጠቀ። የጎማው ሞዞ ክዳንም ድሮውኑ ተሰብሮ ግራሶው አቧራ ይጠጣ ነበር።

መለዋወጫ የት ይገኛል? መርካቶ ለባጃጅና ለአዲስ ሞተር የሚሆነው ሞልቷል፤ ለዚህ ግን የለም። ነገሩ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1941 የጀርመኑን ቢ ኤም ደብሊው አር 71 መሠረት አድርጋ ኤም 72 የተባለውን ባለ ሳይድካር ሞተር መሥራት ጀመረች። የጀርመን ጦር ሲገፋ ፋብሪካው ከሞስኮ ወደ ኡራል ተራሮች፣ ኢርቢት ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። የእንግሊዝም፣ የጣሊያንም፣ የቻይናም ባለ ሳይድካሮች ነበሩ። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ከተዘጉ ቆይተዋል። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ባለቤቶች የጎደለውን ክፍል በየጓሯቸው አቅልጠው ያፈሳሉ።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የተሰበረው ክፍል ተጠጋግኖ ለሞዴልነት ይዘጋጃል። በሣጥን ውስጥ ጥቂት የሸክላ አፈር የተቀላቀለበት እርጥብ አሸዋ ይጠቀጠቅበታል። አሸዋው በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ ሲሰበር ንጹሕ ስብራት የሚያሳይ መሆን አለበት። ሞዴሉ ሲወጣ ፎርማው ባዶ ይቀራል። ከዚያ አሉሚኒየም ይቀልጣል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ከሰልና ጥሩ ወናፍ ይበቃዋል። ነገር ግን ማናቸውም አሉሚኒየም እኩል አይደለም። የኤሌክትሪክ ሽቦና የለስላሳ ቆርቆሮ ቢቀልጡም ቀጭን ቦታ ውስጥ ገብተው አይሞሉም። አሮጌ ፒስተንና ቴስታታ ግን ድሮውኑ ለመፍሰስ የተቀመሙ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ሲሊከን እንደ ውኃ ያስኬዳቸዋል።

ቀጥሎ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው መኮማተር ነው። አሉሚኒየም ሲበርድ በአንድ ሜትር 13 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ስለዚህ ሞዴሉ ከሚፈለገው በመጠኑ መብለጥ አለበት። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። በቀለጠ ብረት ሥር አንዲት ጠብታ ብትገኝ ብረቱን ፊት ላይ ትረጫለች። ሦስተኛው ከሁሉም ተንኮለኛ ነው። የቀለጠ አሉሚኒየም ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣል፤ ሲረጋ ይተፋዋል፤ የተተፋው አየር ግን መውጫ ሲያጣ በውስጡ አረፋ ሆኖ ይቀራል። ላዩ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ነው። ለዓይን አይታይም። የሚታየው ሲሰበር ነው።

መምህሩ የተሰበሩትን ሁለት ክፍሎች በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሞጣ ዳር አንድ ሸምገል ያሉ ቀጥቃጭ አሉ የሚል ወሬ ሰምተው ነበርና በደብረ ወርቅ በኩል አድርጌ ወጣሁ። ሰውየው ቃጭልም፣ የአንገት መስቀልም፣ ቀለበትም ያፈስሳሉ። ቤታቸው ከጎረቤት ራቅ ያለ ነው፤ ለምን እንደራቀ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ክዳኑን አገላብጠው አዩት፤ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይኸኛው ይወጣል» አሉ። ማቀፊያውን አነሡ። «ይኸኛው ምን ይሸከማል?»

«ወንበሩን ከሞተሩ ያያይዛል፣ ጋሼ።»

«ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል?»

ነገርኳቸው። ማቀፊያውን ጨርቁ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«እንግዲያውስ እኔ አላፈሰውም፣ ልጄ። ጎጆዬ ውስጥ የፈሰሰውን ሆዱን ማን ያይልኛል? ክዳን ቢሰበር ግራሶ ይፈሳል። ይህ ቢሰበር ሰው ነው የሚፈሰው። ቶርኖ ቤት ሂድና ከድፍን ብረት ይቁረጡልህ።»

ገንዘቡ ያስፈልጋቸው እንደነበር ቤታቸው ይመሰክራል። ማቀፊያውን ቢያፈሱት ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እኔም ባለቤቱም አብረቅራቂ ዕቃ ተቀብለን አመስግነን እንሄድ ነበር። ከዚያ በአንዱ ቁልቁለት ላይ የሚሆነው ይሆናል። መሐንዲስ ፈሶ የተሠራን ዕቃ ውስጡን በራጅ ያያል፤ እርሳቸው ራጅ የላቸውም። ያላቸው እምቢ የማለት ድፍረት ነው። ለሸማቹ የሚቀርለት ዋስትናም ይኸው ብቻ ነው።

ክዳኑን በሰም ሠሩት። የተሰበረውን አሮጌ ክዳን በሰም ሞሉ፤ በላዩም ስስ የሰም ንብርብር ጨመሩበት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ብረት ሲበርደው ይሰበሰባል፤ እንደ ሰው» አሉ። እኔ በአንድ ሜትር 13 ሚሊ ሜትር የምለውን ጣታቸው ያውቀዋል። ፎርማው ሦስት ቀን ደረቀ። ከሁለት አሮጌ ፒስተኖች የቀለጠው ሲፈስ ዝም ብለው ድምፁን ነበር የሚሰሙት።

ይህ ዕውቀት በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ከዓባይ ማዶ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሰሉ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችንና ብዙ ያገር ሰው ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሽፈዋል። በ1859 ዓ.ም. ግን ሰባስቶፖል ፈሰሰ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ከዚያ ስድስት ወር ያህል በገደልና በሸለቆ እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ተቀምጧል። መድፉ ቀረ፤ ጋፋት ግን አልቀረም። ከንጉሡ ጋር አብሮ አበቃ። አንድ ዕቃ አንድ ጊዜ በንጉሥ ፈቃድ ይፈሳል፤ ሙያ ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ልጁ በአባቱ ሙያ የማያፍር ከሆነ ነው።

ይህን አፄ ምኒልክ ሳይረዱት አልቀሩም። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ቁጢት በማለት ማንቋሸሽ አገር ያደኸያል የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። በሕግ ፊት ስድቡ ወንጀል ከሆነ ቆይቷል። ዝምታ ግን በአዋጅ አይከለከልም።

የዝምታውን ነገር ያየሁት ብቸና ነው። ሽማግሌው ክዳኑን ራሳቸው ካልገጠምኩ ብለው አብረውኝ መጡ። ማቀፊያው ቶርኖ ቤት ከድፍን ብረት ተቆርጦ ደርሶ ነበር። ጎረቤት ለማየት ተሰበሰበ። ከመካከላቸው አንዲት እናት ሽማግሌው ማን እንደሆኑ ከጎኗ ካለችው ሰማች መሰለኝ፣ ልጇን ስባ በነጠላዋ ሸፈነችው። ሽማግሌው አዩ። ጎንበስ ብለው ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠሉ። መምህሩም አይተዋል፤ ምንም አላሉም። ወይዘሮዋ ናቸው ከወንበራቸው ሆነው «ጋሼ፣ መጀመሪያ ቡና ይቅመሱ እንጂ፤ ሥራው የትም አይሄድ» ያሉት። በቤቱ ስኒ ተቀዳላቸው። ሰው ሁሉ እያየ ጠጡ።

ማታ መምህሩ ከእኔ ጋር ብቻቸውን ሲቀሩ «ቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ስንል ስንት ዓመት ኖርን፤ ሰም ሲቀልጥ ያየሁት ግን ዘንድሮ ገና ከአንተ አፍ ነው» አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም። ለእርሳቸው ብቻ የሚሆን መልስ አልነበረኝም።

እኔ የምለው ይህን ነው። የቅኔ ትምህርት ሲጀመር ተማሪው ሰምና ወርቅን ሲማር በዚያችው ቀን ሰም ሲቀልጥ ቢያይ ምን ይጎዳል? የኔታ ደቀ መዝሙሮቻቸውን ይዘው እስከ መንደሩ ዳር ቢሄዱ መንገዱ ሩቅ አይደለም። እዚያ ቃላቸው የተወለደበትን ወናፍ ያገኛሉ። ሆዱ ባዶ የሆነ ዕቃ እያብረቀረቀ ሊያታልል እንደሚችል የሚያውቅ፣ ስለዚህም «ይህን አላፈሰውም» የሚል ሰው ያገኛሉ። ላዩን አልፎ ውስጡን መመርመር የቅኔ ሙያ ከሆነ፣ ያ ሰው ከደጅ የሚቀር እንግዳ አይደለም፤ የሙያው አባት ነው። በሞጣ ዳር ያሉት ሽማግሌ ወንድ ልጃቸው አዲስ አበባ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ወናፉን ማን እንደሚይዘው ጠይቄያቸው እጃቸውን ነበር ያዩት።