የአያቴ ቤትና የቈጠራው ቀን

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ በልቤ የያዝሁት ሐሳብ ይህን ያህል ትልቅ አልነበረም። አንድ መምህራችን የእንግሊዝ አገር ሰዎች የሚኖሩበትን ቤት ታሪክ እንዴት እንደሚፈልጉ በክፍል ውስጥ ነግረውን ነበር። በዚያ አገር ከ1801 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በጦርነት ምክንያት ከታለፈው ከ1941 በቀር፣ በየዐሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቈጠራል። ከ1841 ወዲህ ያለው መዝገብ በየቤቱ የተገኘውን ሰው በስሙ፣ በዕድሜውና በሥራው ይዘረዝራል። መዝገቡ መቶ ዓመት ተቈልፎበት ከቈየ በኋላ ለማንም ሰው ይከፈታል፤ የ1921ዱ የተከፈተው በ2022 ነው። የ1931ዱ ግን በ1942 በእሳት ስለ ጠፋ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ቤቶች ውስጥ በዚያ ዓመት ማን እንደ ነበረ ከዚህ መዝገብ ማወቅ አይቻልም። ይህን በሰማሁ ጊዜ ቀናሁ። «እኔስ ብሆን ቤት የለኝምን?» አልሁ።

ቤት ማለቴ የአያቴን ቤት ነው። ጉለሌ ውስጥ ከአንድ ግቢ በስተኋላ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ናት። ክዳኗ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ በመጣ ጊዜ ሰውን ከሰው አያነጋግርም። እናቴ የተወለደችው፣ እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። በቤተሰባችን ዘንድ «ቤታችን» ከመባል በቀር ሌላ ስም ኖሯት አያውቅም። ክረምቱ ሳይገባ ግን ሠፈሩ ለልማት ይነሣል ተብሎ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ለክተዋት ስለ ሄዱ፣ ሳትፈርስ ታሪኳን ልጽፍ ቸኰልሁ።

መጀመሪያ የሮጥሁት ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው። በአገራችን መላው ሕዝብ የተቈጠረው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው በ2011 ዓ.ም. ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የአዲስ አበባ ሕዝብ በመጀመሪያው ወደ 1.4 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው ወደ 2.1 ሚሊዮን፣ በሦስተኛው ወደ 2.7 ሚሊዮን ነበረ። ይሁን እንጂ ታትሞ የሚወጣው ድምሩ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የሰጠው መልስ ምስጢር ነው። ግድግዳው ከእንጨትና ከጭቃ የሆነ ቤት ስንት እንደሆነ፣ ከቀበሌ የተከራየው ስንት እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ የሆነው ስንት እንደሆነ ሰንጠረዡ ይናገራል። በሰንጠረዡ ውስጥ እኛም እንዳለን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቍጥር ሆነን ነው ያለነው። አንድ ቀን ሙሉ ገጽ ስገልጥ ውዬ ዓይኔን ከማድከም በቀር ያገኘሁት የለም።

ስለዚህ ተከራይዋ እሳቸው ናቸውና አያቴን አስከትዬ የቀበሌያችን መዝገብ ወደ ተዛወረበት ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። መዝገብ ያዡ በሲባጎ የታሰረ ማኅደር ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን አራገፈው። የቤቱ ቍጥር ሦስት ጊዜ ተሠርዞ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ደረሰኞቹ የወር 6 ብር ኪራይ ይላሉ። ከሥር በኩል ባለው የቈየ ወረቀት ላይ «የቀድሞ ባለንብረት» ከሚል ቃል አጠገብ የአንዲት ሴት ስም ተጽፏል። የአያቴ ስም አይደለም፤ የአያቴም ባል ስም አይደለም።

«እማማ፣ ይቺ ሴት ማን ናት?» አልኋቸው።

«ናቸው በል» አሉኝ። «እትዬ ናቸው።» ከዚያ በኋላ ቤት እስክንገባ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ማታ ቡና ሲፈላ ነው የነገሩኝ። በ1964 ዓ.ም. ከአያቴ ጋር ተጋብተው ሲገቡ ቤቲቱን በ12 ብር ያከራዩአቸው በግቢው ፊት ለፊት ባለው ትልቅ ቤት የሚኖሩት እትዬ ነበሩ። አያቴ ወንዱ በታመመ ጊዜ የሁለት ወር ኪራይ ትተውላቸዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ በወጣ ጊዜ ግን ለእትዬ የሚኖሩበት ቤት ብቻ ቀረላቸውና የኋላዎቹ ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ኪራዩም ተቀንሶ 6 ብር ሆነ። «እልል ብያለሁ» አሉኝ አያቴ። «እዚያው ግቢ መሆናቸውን ረስቼው።»

በክፍል ውስጥ ስለዚህ አዋጅ ክርክር ሲነሣ እኔ ሁልጊዜ ከደጋፊዎቹ ወገን ነኝ። ዛሬም ቢሆን አልከዳሁም፤ ያ 6 ብር ባይተርፍ ኖሮ እናቴ ትምህርት ቤት መግባቷን እጠራጠራለሁ። ነገር ግን እልልታው በየት በኩል እንደሚሰማ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም።

ሁለቱ ሴቶች ከዚያም በኋላ ቡና መጠራራታቸውን አልተዉም። ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. የቈጠራው ቀን ሆኖ ቈጣሪው ወደ ደጃፋቸው ሲመጣ እትዬ ከአያቴ ቤት ተቀምጠው አቦሉን ይጠጡ ነበር። ቈጣሪው ስም ጠየቀ፤ ዕድሜ ጠየቀ፤ ግድግዳውን አየ። ቀጥሎም «ቤቱ የማን ነው?» አለ። አያቴ ዓይናቸውን ከረከቦቱ ላይ ሳያነሡ «የቀበሌ» አሉ። ሰውዬው ጻፈ። እትዬም ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ ቶናው ሳይቀዳ፣ «ደኅና ዋሉ» ብለው ወጡ። ከዚያች ቀን በፊት አያቴን «ዋሉ» ብለዋቸው አያውቁም ነበር፤ «ልጄ» ነበር የሚሏቸው።

ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። እትዬ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። ተዝካራቸው ዕለት አያቴ እንጀራ ሲጋግሩ እንዳደሩ እናቴ ነግራኛለች።

ያን የቈጠራ ወረቀት ማንም ለእኔ እንደማይከፍትልኝ አውቃለሁ። ቢከፈትም የሚገኝበት ያው «የቀበሌ» የሚለው ቃል ነው።

«ታዲያ ምን ማለት ነበረብዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አያቴ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አወረዱ። «ምን ልበል ልጄ? ሰውዬው እርሳሱን ይዞ ይጠብቃል። ደግሞስ ውሸት ነው ያልሁት?» አሉና በረካውን ቀዱልኝ።