ስለ ወዳጆች ማዕድና ስለ ዓመቱ ሒሳብ

የአገራችን ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በወርና በቀን ብቻ አይደለም፤ በበዓልና በጾም፥ በጉዞና በማዕድም ጭምር ነው እንጂ። «ከመስቀል በኋላ»፥ «ሁዳዴ ሳይገባ»፥ «በጥምቀት ሰሞን» እየተባለ ቀጠሮ ይያዛል፥ ብድር ይከፈላል፥ ልጅ ይዳራል። በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን እኛም፥ ምንም እንኳ ቀኑን ሁሉ ስንመዘግብና ስንቆጥር ብንውል፥ የዓመቱን ልክ የምናውቀው ከመዝገቡ ይልቅ ከወዳጆቻችን ጋር ከተቀመጥንበት መሶብ ነው። ስለዚህ የ2017 ዓ.ም. ዘመነ ማቴዎስን ከባልንጀሮቻችን ጋር እንዴት እንዳሳለፍነውና ምን እንደ ተማርንበት ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልንጽፍ ወደድን።

ማኅበራችን ሰባት ቤተ ሰብ ነው። ከመካከላችን መድኃኒት ሻጭ፥ መሐንዲስ፥ የጉራጌ አገር ተወላጅ የሆነ ነጋዴ፥ በሐኪም ቤት አስታማሚ የሆነች ወይዘሮ፥ እንዲሁም ጡረታ የወጡ አንድ የታሪክ መምህር ይገኛሉ። የመዋጮውን ደብተር የምንይዘው እኛ ነን። ይህም ሹመት የተሰጠን ሁለት ትምህርት ቤት ስላሳደገን ይመስለናል። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ተማሪው ሁሉ በየመንደሩ ለምኖ በአኮፋዳው ያመጣውን ቁራሽ በአንድነት ዘርግቶ ይበላ ነበር፤ ነጩ የማን፥ ጥቁሩ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ሁሉ ነገር በደወል፥ የገባውና የወጣውም ሁሉ በደብተር ነበር። ከአንደኛው ማካፈልን፥ ከሁለተኛው መመዝገብን ተማርን።

ዓመቱ ሲጀምር በዓላቱ ከጾም ጋር ተገናኙ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ፤ መስቀልም መስከረም 17 ቀን ዓርብ ሆነ። ስለዚህ የእንቁጣጣሹ ዶሮ እስከ ማግሥቱ ቆየ፤ በበዓሉ ቀን የቀረበው ሽሮና ምስር፥ ሱፍ ፍትፍትና ድፎ ዳቦ ነበር። ልጆቹ አደይ አበባ ይዘው ሲገቡ ግን የጾም ማዕድ መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም። የደመራው ሐሙስ ማታ ችቦአችንን ለኩሰን በሰፈራችን ቆምን፤ ነጋዴው ወዳጃችንም ቅዳሜ ዕለት ሁላችንን ወደ ቤቱ ጠራን። በጉራጌ አገር መስቀል ከሁሉ በዓል የሚበልጥ፥ በየከተማው ተበትኖ የሚኖረው ልጅ ሁሉ ወደ አባቱ ቤት የሚመለስበት ነው። ለሥራው ሲል ወደ አገሩ ያልወረደ ሰው ቢያንስ ወዳጆቹን ሰብስቦ ካላበላ በዓል ያከበረ አይመስለውም። ክትፎው በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ፥ ከአይብና ከጎመን ጋር በቆጮ ቀረበልን። መምህሩም በዚያ ቀን ከሁላችን ይልቅ ተጫዋች ሆነው ዋሉ።

ከዚህ በኋላ የነቢያት ጾም ገባ፤ የገና ቅርጫም ተቆጠረ። ቅርጫ ለማያውቀው ሰው ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ባልንጀሮች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ ሲነጋጋ ይታረዳል፤ ሥጋውም በእኩል መደብ ይከፈላል። ከሻኛው፥ ከታላቁ፥ ከታናሹ፥ ከጎድኑና ከጨጓራው ለእያንዳንዱ መደብ እንዲደርሰው ይደረጋል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ምልክቱን ይሰጥና መደቦቹን ያላየ ሰው ዕጣውን ይጥላል። ዳኛም ጠበቃም የማያስፈልገው ፍርድ ይህ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን ግን ከሰባቱ መደብ አንዱ ባለቤት አልነበረውም። መምህሩ «ዘመድ ጠርቶኛል» ብለው ስለ ላኩ፥ መደባቸውን ለሌላ ጎረቤት ሰጠነው።

ጥምቀት እሑድ ዋለ። በዓለም የቅርስ መዝገብ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተጻፈውን ይህን በዓል እኛ እንደ ልማዳችን በጃን ሜዳ አከበርነው። ታቦታቱ በዋዜማው በከተራ ወርደው ያደሩበትን ሜዳ፥ የካህናቱን ወረብ፥ የወጣቶቹን የሎሚ ውርወራ አይተን ስናበቃ፥ በመዋጮ ወደ አንድ ምግብ ቤት ሄደን ምሳ በላን። መምህሩ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ለቅበላ በልኳንዳ ቤት በተሰበሰብን ጊዜም «ሆዴን አሞኛል» አሉ።

መጋቢት ላይ በጾሙ መካከል አንድ ቅዳሜ በመሐንዲሱ መኪናና በነጋዴው መኪና ወደ ደብረ ሊባኖስ ወጣን። ገዳሙ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በገደል አፋፍ ሥር ይገኛል። ስንቃችን ቆሎና ዳቦ፥ ተልባና ውኃ ነበር፤ ለማንም ምንም አላዋጣንም። መምህሩ ከሁላችን ቀድመው ከመንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳሙን እንዴት እንደ መሠረቱት፥ በ1929 ዓ.ም. በወርኃ ግንቦትም የፋሺስት ጦር መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን እንዴት እንደ ፈጀ በመንገድ ላይ ሲነግሩን፥ ሁልጊዜ የሚንጫጩት ልጆች እንኳ ዝም አሉ። ስንመለስ ከገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ አየን። የዚያን ዓመት ጉዞ ሁሉ ቢመዘን ይህን የሚያህል የለም።

በማግሥቱ ደብተሩን ስንገልጥ ነገሩ ተገለጠልን። መምህሩ መዋጮ ባለበት ቀን ሁሉ አልተገኙም፤ መዋጮ በሌለበት ቀን ሁሉ ግን ከሁሉ ቀድመው ተገኝተዋል። ጉንፋኑም፥ የዘመዱም ጥሪ፥ የሆዱም ሕመም ስማቸው አንድ ነበረ፤ የጡረታው ገንዘብ ከገበያው ጋር መሮጥ አልቻለም ነበር። በደብተር የተጻፈ ቍጥር አንዳንድ ጊዜ ሰው በአፉ ሊናገረው የማይችለውን ይመሰክራል።

እነሆ ከዚህ የባሰው ጭንቅ መጣ፤ አውቀን እንዳናውቅ ሆነን ብንቀመጥ ወዳጅ እናጣለን፥ አውቀናል ብንል ደግሞ እናሳፍራቸዋለን። መድኃኒት ሻጩ «በስውር እንክፈልላቸው» አለ። አስታማሚዋ ወይዘሮ ግን እንዲህ አለች፦ «ሌላ ሰው የከፈለለትን ሥጋ የሚበላ ሰው እጁን ወደ መሶብ ሲዘረጋ ዓይኑን ወደ ሰው ይጥላል። መምህሩ አስተዋይ ናቸው፤ በሁለተኛው ቀን ያውቁታል፥ በሦስተኛው ቀን ይቀራሉ። ለእርሳቸው ከምናደርግላቸው ይልቅ ሥርዓቱን ለሁላችንም እንለውጠው።» ይህ ምክር ለሁላችን ደስ አሰኘን።

ለውጡም ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፥ በጉዞ ቀን መዋጮ ቀርቶ እያንዳንዱ ቤት የበሰለውን ይዞ እንዲመጣ ተቆረጠ፤ አኮፋዳ ማለት ነው። ሁለተኛ፥ በቅርጫው ግማሽ መደብ መግዛት ለሚፈልግ ሁሉ ተፈቀደ። እኛም በመጀመሪያ ለራሳችን ግማሽ መደብ በደብተሩ ላይ ጻፍን፤ የቤታችን ሰው አራት ብቻ ስለ ሆነና ሥጋው በየጊዜው ይተርፍ ስለ ነበር ነገሩ ለእኛም ጥቅም ነበረ። ደብተሩ ለመምህሩ ሲደርስ የእኛን ስም አይተው ከሥሩ የራሳቸውን ጻፉ። ሚያዝያ 12 ቀን፥ ከኀምሳ አምስት ቀን ጾም በኋላ፥ በፋሲካ ማለዳ አንዱን መደብ ከመምህሩ ጋር እኩል ተካፈልን። ታላቁን እኛ እንድንወስደው ለመኑን፤ እኛም ሻኛውን ለእርሳቸው ተውን። ስለ ሌላው ነገር ከሁለታችን አንዳችን ቃል አልተናገርንም።

በግንቦት ወር ወደ ቢሾፍቱ ወረድን። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ የባቡር ሐዲድ ያለፈባት ይህች ከተማ፥ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኙት ሐይቆቿ የታወቀች ናት። በሆራ ዳርቻ ሰባት ሰሐን ተከፈተ። የሐኪም ቤቷ ወይዘሮ ዶሮ ወጥ፥ ነጋዴው አይብ፥ እኛ ዱለት፥ መምህሩ ደግሞ ባለቤታቸው የጋገሩትን አምባሻ አመጡ። ዶሮ ወጥ እንኳ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት እስኪበስል ብዙ ሰዓት የሚፈጅ፥ አሥራ ሁለት ብልት የሚቆጠርለት የክብር ምግብ ሲሆን፥ በዚያ ቀን ቀድሞ ያለቀው አምባሻው ነው።

በክረምቱም፥ ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ዕለት፥ ያልጠበቅነው ጥሪ መጣ፤ መምህሩ ማኅበሩን ወደ ቤታቸው ጠሩ። የፍልሰታ ጾም ስለ ሆነ በማዕዱ ላይ ሙልሙል ዳቦና ጠላ፥ ከዚያም ሌላ ምንም አልነበረም። ልጆቻችን ጅራፍ እያጮኹ፥ ሆያ ሆዬ እያሉ በግቢው ሲዞሩ፥ መምህሩ በዝግታ እንዲህ አሉን፦ «ቤቴ ከዳቦ በቀር ምንም የለውም ብዬ እስከ ዛሬ አልጠራኋችሁም ነበር።» የመለሰ አልነበረም፤ ዳቦውን ቆርሰን በላን እንጂ። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ምን ማለት እንደ ሆነ በዚያች ሰዓት በሙሉ ገባን።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ማኅበርና ወዳጅ ያላችሁ ሁሉ፥ የማኅበራችሁን ደብተር አንድ ጊዜ ተመልከቱት። ማን ስንት እንዳዋጣ ለማወቅ ሳይሆን፥ ማን በየትኛው ቀን እንደ ቀረ ለማየት ይሁን። የቀረው ሰው ምክንያቱን እንዲናገር አታስገድዱት፤ ሥርዓቱን ግን ዝቅ አድርጉለት። ባለጠጋው ጥቂት ቢያንስ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ድሃው ግን ጥቂት ቢበዛበት ከቤቱ አይወጣም። የበዓል ወጪ ለክብር ተብሎ በጨመረ ቍጥር ከመሶቡ ዙሪያ የሚጎድለው ሰው ነው፤ የሰው ጉድለት ደግሞ በወጥ አይሞላም። ልጆቻችንም ከእኛ የሚወርሱት የበላነውን ዓይነት አይደለም፤ ከማን ጋር እንደ በላነውና እንዴት እንደ ተካፈልነው ነው።

እግዚአብሔር ከዘመን ዘመን በሰላም ያሸጋግረን፤ ከመሶባችን ዙሪያ ሰው አያጉድልብን።