አሥር ብርና አንድ ፊርማ



ስለ ጫት ብዙ ተብሏል። በየኹጥባው ተመክሯል፣ በየቤቱ ተለምኗል፣ በየእድሩ ተወቅሷል። እኛ በዲላ የምንኖር ጥቂት ጎረቤታሞች ግን ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ ምክሩ አይደለም። በጫት ላይ ሥርዓት ያለው ደንብ እንዲወጣ ለመጠየቅ ቤት ለቤት እየዞርን አሥር አሥር ብርና ፊርማ ስለ መሰብሰባችን ነው።

ልጆቻችን ጫት የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ለጥናት ብለው ነው። ፈተናው ያልፋል፣ ጫቱ ይቀራል። ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲል ጨብሲ ይከተላል። በሙስሊም ቤት ያደገ ልጅ የመጠጥ ቤትን ደጃፍ የሚረግጠው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ከመካከላችን የአንዲት እናት ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋረጠ። መቃሚያ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በር መንገድ ማዶ ነበር። ያቺ እናት ልጇን ስትመክር ሁለት ዓመት ከርማለች፤ ቤቱ ከዚያ ቦታ እንዲነሳ የምትጠይቅበት ደንብ ግን አላገኘችም።

ጉዳዩ የልጆች ብቻ ሳይሆን የመሬትም ነው። ጌዴኦ የቡና አገር ነው፤ ይርጋጨፌን የማያውቅ የለም። ቡናው ከእንሰት ጋር በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ያሰፈረውም ይኸው የአባቶች አያያዝ ነው። ይሁንና ቡና የሚለቀመው በዓመት አንድ ወቅት ሲሆን፣ ጫት ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመት ልጆች የሚያስተምር ገበሬ ዓይኑን ወደ ጫት ቢጥል አይፈረድበትም። ስለዚህ «ይከልከል» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ ከክልከላው ማግስት ገበሬው ምን ይብላ የሚለው ግን መልስ ይሻል።

ዑለማዎች በጫት ላይ ከጥንት ጀምሮ ተከራክረዋል። ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ጫት ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። ይህን ያህል የቆየ ክርክር በእኛ ፊርማ አይዘጋም። ነገር ግን ሸሪዓ የሚጠብቃቸው አምስት ነገሮች ሃይማኖት፣ ነፍስ፣ አእምሮ፣ ዘርና ንብረት መሆናቸውን ሁላችንም ተምረናል። መቃሚያ ቤት በትምህርት ቤት በር ሲከፈት የልጁ አእምሮና የወላጁ ገንዘብ አደጋ ላይ እንደሚወድቁ ለማየት አዲስ ፈትዋ መጠበቅ አያሻም።

ሕግ ደግሞ ይሻሻላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ፣ የአልኮል ማስታወቂያም በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል። ጫትን በተመለከተ በ1971 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ካቲኖን የተባለውን በውስጡ ያለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር እንጂ ቅጠሉን አይቆጣጠርም፤ የቅጠሉ ጉዳይ ለየአገሩ የተተወ ነው። በአገራችን በ2004 የወጣው የጫት ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በኪሎ 5 ብር ጥሎ ነበር። መንግሥት ከቅጠሉ ገቢ ሰብስቧል። በቅጠሉ የተጎዳውን ልጅ ግን የምታስታምመው እናቱ ናት።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሦስት ነው። ጫት ለሕፃናት አይሸጥ፤ መቃሚያ ቤት ከትምህርት ቤት ይራቅ፤ ከጫት ከሚሰበሰበው ታክስ የተወሰነው ሱስ የያዛቸውን ለማከምና ወደ ቡናው ለሚመለስ ገበሬ ችግኝ ይዋል።

ለወረቀት፣ ለፎቶ ኮፒና ለመጓጓዣ ገንዘብ ያስፈልጋል። ዘካ አልነካንም፤ የዘካ ባለመብቶች ስምንት ተብለው የተቆጠሩ ናቸውና የእነርሱን ድርሻ ለማመልከቻ ማዋል አልፈለግንም። የጠየቅነው ሰደቃ ነው፤ ያውም ትንሽ። አንድ ባለጠጋ ወጪውን በሙሉ ሊሸፍንልን ይችል ነበር። ግን የአንድ ሰው ገንዘብ የአንድ ሰው ጉዳይ ያደርገዋል። አሥር ብር የሰጠ ጎረቤት «የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ስብሰባ ሲጠራ ይመጣል። የገቢና ወጪ ደብተሩም ከጁሙዓ በኋላ ማንም እንዲያየው ክፍት ነው።

በዞናችን አብዛኛው ወገናችን ፕሮቴስታንት ነው። «ጫት የሙስሊም ነገር ነው» የሚለው አባባል ቆይቷል፤ መቃሚያ ቤት ተሰብስበው የሚገኙት ልጆች ግን የሁሉም ቤት ልጆች ናቸው። በመሆኑም ወደ እድሮች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችና በሶንጎ ወደሚሰበሰቡ ሽማግሌዎች ሄድን። አንድ ሽማግሌ ፊርማቸውን ካኖሩ በኋላ፣ ለልጅ ሲሉ መሰብሰብ ሃይማኖት እንደማይለይ ነግረው መረቁን።

የከበደን የጫት ሻጮቹ ደጃፍ ነበር። ባሏን የቀበረች አንዲት እናት ወረቀቱን አስነብባ ከሰማች በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እውነት ነው፤ የኔም ልጅ እዚያው ነው የሚማረው። ግን ከዚህ ተነሺ ስትሉኝ የት ተቀመጪ ትሉኛላችሁ?» አለችን። በማመልከቻው ላይ፣ ማንም ሻጭ በገበያው ውስጥ ሌላ ቦታ ሳይሰጣት ከነበረችበት እንዳትነሳ፣ ቅጠሏም በደንብ አስከባሪ እንዳይወረስ የሚል ሐሳብ በእርሷ ፊት ጨመርንበት። ፈረመች። «ብሩን ገበያ ሲቀናኝ» አለች፤ እኛም ያለ ብር ፊርማዋን በደስታ ተቀበልን።

ነሐሴ 2015 በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተማችን ዲላ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። አቤት የሚባልበት ደጅ ቀርቦልናል ማለት ነው። ማመልከቻችን ገና መልስ አላገኘም፤ ፊርማው ግን እየጨመረ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ በየከተማችሁ ይህ ችግር አለ። ልጆቻችሁን መምከራችሁን አትተዉ፤ ዱዓችሁንም አታቋርጡ። ከዚያ ጋር አንድ ደብተር ግዙ፣ ከጎረቤት ጀምሩ፣ ቅጠሉን የምትሸጠዋንም አትዝለሉ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ ያሰብነውንም ለፍሬ ያብቃልን። አሚን።