ስለ ኮርቻና ስለ ዝምታ

ሱናማዊቱ ሴት ልጇ በሞተባት ቀን አህያ አስጭና ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ እንደ ገሠገሠች በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ እናገኛለን። ይህን ታሪክ ለደቀ መዛሙርቴ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ስለ እምነቷም ስለ ፍጥነቷም ብዙ ተናግሬአለሁ። ነገር ግን በምን ላይ ተቀምጣ እንደ ሄደች፥ መቀመጫዋም ተመችቷት እንደ ሆነ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር። እንዳስብ ያደረገችኝ የወንድሜ ልጅ ናት።

ይህች ልጅ በታች ጋይንት፥ በአርብ ገበያ አካባቢ ባለው ገጠር፥ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ታገለግላለች። ሥራዋም ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሮችን መጠየቅ፥ ሕፃናትን ማስከተብ፥ ስለ ንጽሕና መምከር ነው። የአገራችን ሜዳው ጥቂት፥ ዐቀበቱና ቍልቍለቱ ብዙ ስለ ሆነ፥ በእግር የሄደች እንደ ሆነ ቀኑ በመንገድ ያልቃል፤ የበቅሎም ዋጋ ዛሬ ከደመወዝተኛ ዐቅም በላይ ነው። ስለዚህ ከደመወዟ አጠራቅማ፥ ብስክሌት እንደ ልብ ከሚገኝባት ከባሕር ዳር አንዱን ገዝታ መጣች። በሜዳው ትጋልበዋለች፤ በዐቀበቱ እየገፋች ትወጣለች።

ዓርብ ዓርብ ወደ ገበያ የሚመጣው ሕዝብ እያየ ይሥቅ ነበር። እኔም፥ እውነቱን ልናገርና፥ ደስ አላለኝም፤ ነገር ግን ዝም አልሁ። ሦስት ወር ያህል ከሄደችበት በኋላ ብስክሌቱ ከግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ እርሷም እንደ ቀድሞው በእግሯ መሄድ ጀመረች። «ደኅና ነሽ?» ብዬ ብጠይቃት «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። እኔም «ልብ ገዛች» ብዬ ደስ አለኝ እንጂ ከዚያ በላይ አልመረመርሁም።

ደስታዬ ግን አልቈየም። ከገደሉ ማዶ የምትኖር አንዲት ነፍሰ ጡር ሳትጐበኝ ሁለት ሳምንት አልፏት፥ ፊቷ አብጦ፥ ራሷን ፈልጧት፥ ዓይኗ ፈዝዞ ተገኘች። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም አደረሷት፤ በእግዚአብሔር ቸርነት እናትም ልጅም ተረፉ። በዚያ ማታ የወንድሜ ልጅ እያለቀሰች «የኔታ፥ በብስክሌት ሄጄ ቢሆን ኖሮ በጊዜው አያት ነበር» አለችኝ። «ታዲያ ስለ ምን ተውሽው?» ብዬ ብጠይቃት አንገቷን ደፋች።

ምክንያቱን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። የብስክሌቱ ኮርቻ ያቈስላት፥ ገላዋንም ያደነዝዛት ኖሯል። ብስክሌት ጠጋኙ ወንድ ነውና ሕመሟን ልትነግረው አፈረች፤ «ለስላሳ አድርግልኝ» ብቻ አለችው፤ እርሱም ወፍራም ስፖንጅ አለበሰላት፤ ሕመሙም ባሰባት።

በነጋታው አንድ ሽማግሌ የበቅሎ ኮርቻ ሠሪ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አጫወትሁት። «የኔታ፥ ኮርቻ የሚመቸው በልስላሴው አይደለም፤ አጥንት በቦታው ሲያርፍ ነው» አለኝ። የሐኪሞችም ትምህርት ከዚህ ጋር ይስማማል። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን የሚሸከሙት ከዳሌ በታች ያሉ ሁለት አጥንቶች ናቸው፤ ፈጣሪ የሴትን ዳሌ ለወሊድ አስፍቶ ስላዘጋጀው፥ በሴቶች እነዚህ አጥንቶች አብዛኛውን ጊዜ ተራርቀው ይገኛሉ። ኮርቻው የጠበበ እንደ ሆነ አጥንቶቹ ከዳር ይወጡና ክብደቱ በመካከል ባለው ስስ ገላ ላይ ይወድቃል። እጅግ የለሰለሰም እንደ ሆነ አጥንቱ ይሰምጥና የኮርቻው መካከል ተነሥቶ ያንኑ ስስ ገላ ይጫነዋል። መድኃኒቱ ለአጥንቶቹ የሚበቃ ስፋትና መጠነኛ ጥንካሬ ያለው፥ መካከሉም የጎደጎደ ወይም የተከፈተ ኮርቻ ነው።

የአውሮፓ ሴቶች በ1890ዎቹ፥ በእነርሱ አቈጣጠር፥ በብስክሌት መሄድ ባዘወተሩ ጊዜ ይኸው ነገር ተነሥቶ ነበር። ከሐኪሞቹ አንዳንዱ ሴት አትቀመጥበት አለ፤ ከሠሪዎቹ አንዳንዱ ግን የኮርቻውን መካከል ከፍቶ ሠራ። በአገራችንማ እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱት በበቅሎ ነው፤ እናቶቻችንም በግላስ በተሸለመች በቅሎ ተቀምጠው ወደ ሠርግና ወደ ክርስትና ሲሄዱ ነውር ነው ያለ የለም። እንግዲህ ነውሩ ከመቀመጡ አልነበረም።

ባለቤቴ ልጅቱን በወፍራም ካርቶን ላይ አስቀምጣ፥ አጥንቶቹ ያተሙትን ሁለት ጕድጓድ በክር ለካች፤ ከአንዱ መካከል እስከ ሌላው መካከል 13 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ ልክ ጥቂት የሚሰፋ፥ መካከሉ ክፍት የሆነ ኮርቻ ከባሕር ዳር አስመጣን። የፊት ጫፉ ወደ ላይ እንዳይቀና ከአንድ ግንበኛ ውኃ ልክ ተውሼ እኔው ራሴ አስተካከልሁት፤ ከፍታውንም መርገጫው ታች ሲደርስ ጕልበቷ ጥቂት እንዲታጠፍ አድርገን ለካነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጥቂት አመማት፤ ከዚያ በኋላ ግን ተዋት። ዛሬ ከገደሉ ማዶ ያሉትን ቤቶች በየሳምንቱ ትጐበኛለች።

አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን የደበቀውን ከመውቀሳችን በፊት ያስደበቀውን እንመርምር። ይህችን ልጅ ያስደበቃት የገበያው ሣቅና የእኔ ዝምታ ነበር። ጨዋነት ገላን ሊሸፍን ይገባዋል፤ ሕመምን ግን ሊሸፍን አይገባውም። ወንድ ለመስማት የማይመች ነገር ቢሆን እንኳ የሚጠይቁ እናቶች አሉ።

ሱናማዊቱም ባሏ ቢጠይቃት ደኅና ነው አለች፤ ግያዝ ቢጠይቃትም ደኅና ነው አለች። ግያዝ ሊያርቃት ቀረበ፤ ነቢዩ ግን ነፍሷ እንዳዘነች ዐውቆ እንዲተዋት አዘዘው። ይህን ምዕራፍ ስንት ዓመት ሙሉ አስተማርሁ! የወንድሜ ልጅ «ደኅና ነኝ» ስትለኝ ግን እንደ ኤልሳዕ አልሰማኋትም።