የመጨረሻውን ንገረኝ

አዳማ ገበያ ወጥቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ አንድ ሙያ አለው፤ ጀርባ መስጠት። ዋጋ ይጠይቃል፣ ይደነግጣል (ባይደነግጥም)፣ «የመጨረሻውን ንገረኝ» ይላል፣ ከዚያ ዞሮ ሦስት እርምጃ ይራመዳል። አራተኛው ላይ «ና ስማኝ!» ይመጣል። ካልመጣ ሻጩ የምሩን ነበር ማለት ነው። መቂና ዝዋይ (የዛሬው ባቱ) ላይ ደግሞ ጀርባ የሚሰጠው አውቶቡሱ ነው። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ በመስኮት የተዘረጋው ፓፓያ ዋጋው ይወርዳል፤ ጎማው ሲንቀሳቀስ ደግሞ ይወርዳል። እኛ የዚህ አካባቢ ልጆች ኢኮኖሚክስ የተማርነው በአውቶቡስ መስኮት ነው ብንል ብዙ አላጋነንም።

የኮምፒውተር ሰዎች ይህንኑ ነገር ወደ ድረ ገጽ ወስደውታል። ገጹ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ኮድ የማውሱን ቀስት ትከታተላለች። ቀስቱ ገጹን ወደምትዘጋው ኤክስ መፍጠን ሲጀምር «ሊሄድ ነው» ትልና ፖፕ አፕ ትዘረጋለች፤ «ቆይ! 10 በመቶ ቅናሽ አለህ!» ስልክ ላይ ቀስት የለም። ስለዚህ የመመለሻ ቁልፉ መነካቱን ወይም ገጹ በድንገት ወደ ላይ መሸምጠጡን እያየች ትገምታለች፤ ብዙ ጊዜም ትሳሳታለች። ለመሄድ ያላሰበውን ሰው «አትሂድ» ትለዋለች። የገበያ ሻጭ እንዲህ አያደርግም፤ ትከሻ ማንበብ ይችላል።

ከመካከላችን ሁለታችን እንጀራ የምንበላው ድረ ገጽ በመሥራት ነው። ባለፈው ዓመት አዳማ ውስጥ ለአንድ ሆቴል ይህን ፖፕ አፕ ሠርተን ነበር፤ ሁለት ዓይነት አድርገን። አንዱ ቅናሽ ይሰጣል። ሌላው ቅናሽ የለውም፤ «ጥያቄ ካለዎት ይደውሉልን» ብሎ ስልክ ቁጥር ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ የሚመጣውን ሰው በዕጣ ለሁለት ይከፍልና ለአንዱ ይህን፣ ለሌላው ያንን ያሳያል። ኤ/ቢ ቴስት የሚባለው ይኸው ነው። በሦስተኛው ቀን ቅናሹ መራ። የሆቴሉ ባለቤት ጋሼ (ስማቸው ይቆየን) ስልክ መቱልን። «ተፈረደ እኮ! ያንን ሌላውን አንሱልኝ» አሉ።

አላነሳንም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከ100 ጎብኚ 3 ሰው ክፍል የሚይዝበት ገጽ 4 ሰው ወደሚይዝበት ከፍ ማለቱን አምኖ ለመናገር በተለመደው የስታቲስቲክስ መለኪያ በእያንዳንዱ ወገን ከ5,000 በላይ ጎብኚ ያስፈልጋል። በሁለቱ ከ10,000 በላይ ማለት ነው። ከዚያ በታች ሳንቲም ወርውሮ ሦስት ጊዜ አንበሳ ስለመጣ «ይቺ ሳንቲም አንበሳ ብቻ ናት» እንደማለት ነው። ጋሼ ይህን ስንነግራቸው «እናንተ ልጆች ነገር ታካብዳላችሁ» አሉን።

እኛም መልካሳን አነሳንላቸው። ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያለ ነው። ቦሎቄ፣ በቆሎ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ይመራመራል። እዚያ አዲስ ዘር ከነባሩ ጎን የሚዘራው መደብ በዕጣ ተከፍሎ ነው። ምክንያቱም የማሳው አንድ ጥግ ሁልጊዜ ከሌላው ይለመልማል፤ ዘሩን የፈለግኸው ቦታ ከዘራኸው የምትለካው ዘሩን ሳይሆን አፈሩን ነው። ይህን ዕጣ የማውጣት ነገር ያስፋፋው ሮናልድ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ሮትሀምስተድ በተባለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ። ዛሬ የድረ ገጽ ሰዎች እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሩለት ነገር የገበሬ ማሳ ልጅ ነው። ልዩነቱ፣ ቦሎቄው በአንድ ክረምት ስላማረ አይለቀቅም። ዝናብ ባለበትም በሌለበትም፣ በተለያየ ቦታ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ይታያል። ፖፕ አፑ ግን በሦስት ቀን እንዲለቀቅ ይፈለጋል።

ደግሞ ጎብኚው 10,000 ቢሞላስ? እኛን ያሳሰበን ይሄ ነው። ቴስቱ የሚቆጥረው ዛሬ የቀረውን ሰው ነው። ያ ሰው ዛሬ ምን እንደተማረ አይቆጥርም። የተማረው ደግሞ ግልጽ ነው፤ ጀርባ ከሰጠህ ይቀነስልሃል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ የመጀመሪያውን ዋጋ አያምንም። እኛ አገር ገበያ ላይ የመጀመሪያውን ዋጋ የሚያምን ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ ገና ልጅ ነው። ስንት ዘመን ጀርባ ስንሰጣጥ ኖረን ነው እዚህ የደረስነው!

ከዚያ መመለስ ደግሞ ከባድ ነው። ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ መደብር እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፕል ባመጣው አለቃ በሮን ጆንሰን ምክር ኩፖኑን ትቶ «ቁርጥ ዋጋ» ገባ። ዋጋው ሐቀኛ ነበር፤ ደንበኛው ግን ቅናሽ መጠበቅ ለምዷል። የዚያ ዓመት ሽያጭ በ25 በመቶ ገደማ ወረደ። በ2013 ጆንሰን ተሰናበተ፣ ኩፖኑ ተመለሰ።

ስለዚህ ለጋሼ ሌላ ሐሳብ አቀረብን። ሦስተኛ ወገን ይጨመር፤ ምንም ፖፕ አፕ የማያይ። የሚቆጠረውም ጠቅታ አይሁን፤ በስድስት ወር ውስጥ ያው ሰው ስንት ጊዜ መጣ፣ ስንት ብር ከፈለ የሚለው ይሁን። ስድስት ወር የመረጥነው የአዳማ ሆቴል የስብሰባ ወቅትና ጭር ያለ ወቅት ስላለው ነው፤ ሁለቱንም ማየት አለበት። ጋሼ «ስድስት ወር!» ብለው ሳቁ፤ ቢሆንም ፈቀዱ።

በሁለተኛው ወር የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ደወለችልን። ለዓመታት በሙሉ ዋጋ ሲያርፉ የኖሩ አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛ በስልክ ክፍል ሊይዙ ነው። ድረ ገጹን በዚያ ቀን አልከፈቱትም። «ያቺ ልወጣ ስል የምትመጣዋን ዋጋ ያዥልኝ» ብለዋታል። እሷ የምትጠይቀን፣ ሰውየውን በየትኛው ወገን ትመዝግባቸው?