ከፍ ዝቅ የሚል ሞተር

ወርቃ ያለችው እናቴ ስኳር አለባት። ያልተከፈተው ኢንሱሊኗ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን የሚያሠራልን አንድ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ነው። ባለፈው ክረምት ታዲያ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ሞተሩ እንዲህ ሲሆን ኃይሉም አብሮ ይዋዥቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፍሪጁን ነቀልን።

ጎረቤት ሁሉ «ካንዴላውን ቀይሩ» አለ። ወንድሜ ግን ቾኩን በግማሽ ዘጋው፤ ድምፁ ወዲያው ረጋ። ቾክ አየር ይቀንሳል። አየር ሲቀንስ ሞተሩ ከተስተካከለ፣ ያነሰው ቤንዚን ነው ማለት ነው። ቤንዚን ሲያንሰው ሞተሩ ይደክማል፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ጋዝ ይጨምርለታል፤ ሲፈጥን ደግሞ መልሶ ይቀንስበታል።

ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ካርቡሬተሩ ተፈታ። ለወራት የተኛው ቤንዚን ዝቃጭ ሠርቶ፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ ደፍኗታል። ወንድሜ በካርቡሬተር ማጽጃና በአየር ግፊት ከፈታት። ሽቦ አላስገባባትም፤ ከሰፋች ልኳ ይበላሻል።

አሁን ሥራው ሲያበቃ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተን፣ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ እንጠብቃለን፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚተኛው ቤንዚን በጣም ያንሳል። የምናስነሳውም ሁልጊዜ ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ግን ይገድላል። መድኃኒት ለማዳን ብሎ ቤተሰብን አደጋ ላይ መጣል የለም።